ሦስተኛው ባር

መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ነው። ከጣና ዙሪያ ዓሣ አስጋሪ ማኅበራት የሚመጣውን የምርት መረጃ የሚሰበስብ ክፍል አለው፤ እኔም እዚያ ሠርቻለሁ። የስድስት ወር ሪፖርት ሲገመገም የሆነውን ላጫውታችሁ።

ፕሮጀክተሩ ተከፈተ። ግድግዳው ላይ ባር ግራፍ ወጣ። መጀመሪያ ሁለት ረጃጅም ባሮች፣ ከዚያ አንድ ድንክ፣ ከዚያ እንደገና አራት ረጃጅሞች። ከታች የወር ስም የለም። ኤክሴል በራሱ ጊዜ የደረደራቸው ከ1 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ሰብሳቢያችን መነጽሩን አስተካከለና፣ «ሦስተኛው ላይ ምን ነካው?» አለ።

እንግዲህ «ምን ነካው?» ተብሎ ዝም የሚል የስብሰባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ተነሥቶ «እምቦጭ ነው» አለ። አረሙ መረብ እንደሚይዝ፣ ጀልባ እንደሚያግድ ሁላችንም ስለምናውቅ ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው የነዳጅ እጥረት አለ። ሦስተኛው ሕገወጥ መረብ ጫጩቱን ዓሣ እንደጨረሰው በሰፊው አስረዳ። ማንም አልዋሸም። እምቦጩም አለ፣ ነዳጁም ይጠፋል፣ መረቡም ይጣላል። ቃለ ጉባኤ ያዡ ይጽፋል። ግብረ ኃይል ይቋቋም የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ወዲያው ድጋፍ አገኘ።

ገንዘብ ያዣችን ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የስብሰባው አባል አይደሉም፤ ለአበል ፊርማ ሊያስፈርሙ ነው የመጡት።

«እኔ የምለው» አሉ፣ «ሪፖርቱ የስድስት ወር አይደል እንዴ? ታዲያ ባሩ ለምን ሰባት ሆነ?»

«እንዴት እትዬ?» አለ ሰብሳቢያችን።

«እስቲ ቁጠሩት። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉ...»

አልጨረሱትም። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አንድ ሙሉ ግብረ ኃይል ልናቋቁምባት የነበረችው አምስት ቀን ናት። ቆይቼ ሳስበው ግን እሳቸው ማየታቸው አልገረመኝም። ጳጉሜን ከደመወዝተኛ በላይ ማን ያውቃታል? እሳቸው ደግሞ ደመወዝ ከፋይ ናቸው።

ልብ ያልኩት ነገር አለ። ሁላችንም ዓይናችንን የጣልነው ባሮቹ ላይ ነበር፣ ግራፉ መሐል። እሳቸው ያዩት ዳርና ዳሩን ነው። ርእሱ ምን ይላል? ከታች የተደረደረው ምንድን ነው? ስንት ነው? ግራፍ ማንበብ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ከመሐል የጀመረ ሰው ምክንያት ማምረት ይቀናዋል። ምክንያት ደግሞ ሞልቷል፤ በተለይ ጣና ዙሪያ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የእያንዳንዱን ወር ምርት ለቀኑ ቁጥር ማካፈል። ለምሳሌ አንድ ማኅበር በሠላሳ ቀን 300 ኪሎ ቀረሶ ዓሣ፣ በጳጉሜ አምስት ቀን ደግሞ 60 ኪሎ አስገባ እንበል። በወር ስናየው ጳጉሜ ገደል ገብታለች። በቀን ስናየው 10 እና 12 ነው፤ ጳጉሜ እንዲያውም በልጣለች። አንዳንድ ቢሮዎች ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ይደርቧታል። እሱም ያስኬዳል፤ ግን ነሐሴ ሳይገባው ይወፍራል። እኔ ማካፈሉን እመርጣለሁ።

በዚያው ስብሰባ ሌላ ግራፍም ታየ። የሁለት ማኅበራት ማነጻጸሪያ ነው። የአንደኛው ባር የሌላኛውን ሦስት እጥፍ ያህላል። አሁን ሰው ሁሉ ነቅቷልና በግራ በኩል የቆመውን ቁጥር ማየት ጀመረ። ከ85 ነው የሚነሣው! ማኅበራቱ ያስገቡት 90 እና 100 ኩንታል ነው። ከ85 በላይ ያለውን ብቻ ስትስሉት ግን አንዱ 5 ሌላው 15 ቁመት ይኖረዋል፤ ሦስት እጥፍ። ባር ደግሞ የሚነበበው በርዝመቱ ነው። ከእግሩ ቆርጠው ካቆሙት ርዝመቱ ሐሰት ይሆናል። ባለሙያው ልጅ ተንኮል አልነበረበትም፤ ኮምፒዩተሩ በራሱ ነው የመረጠለት። ሰብሳቢያችን ግን ተቆጣ። «ከእንግዲህ ዜሮ የሌለው ግራፍ እንዳታመጡብኝ!» አለ። ይህም ቃለ ጉባኤ ገባ።

ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የማኅበራት ተወካዮችና የጀልባ ሰዎች ተጋብዘው ስለ ሐይቁ የውሃ ከፍታ ሊነገራቸው ነው። ልጁ በታዘዘው መሠረት ግራፉን ከዜሮ አስነሣው።

የጣና የውሃ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። (በነገራችን ላይ ባር ግራፍን ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር መጽሐፉን ያሳተመው በ1786 እ.ኤ.አ. ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ እኔ ግን አንዱን በሌላው ነው የማስታውሰው።) ሐይቁ ሰኔ አካባቢ ይወርዳል፣ ክረምቱን ጠጥቶ በመስከረም ይሞላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከዜሮ እስከ 1,800 በተሳለ ግራፍ ላይ ይህ ምን ያህል ይታያል? አንድ ሜትር ቁመት ባለው ሸራ ላይ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የወጣው እንደ ወለል የተዘረጋ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ክረምት የለ፣ በጋ የለ።

ልጁ «ሐይቁ ለብዙ ዓመታት የተረጋጋ ይመስላል» እያለ ማብራራት ጀመረ። አንድ አዛውንት የጀልባ ባለቤት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ 95 የቱ ጋ ነው?»

ልጁ አሳያቸው። መስመሩ እዚያም ቀጥ ያለ ነው።

«በዚህ ሥዕል ከሆነ እኔ ያን ጊዜ ጀልባዬን ጭቃ ላይ አልተውኳትም ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነው። በ1995 ዓ.ም. ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሐይቁ ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ ነበር፤ ትልልቆቹ ጀልባዎች ተቸግረዋል። ዝናቡ ቀደም ብሎ አጥሯል። በዚያ ላይ ሐይቁ መውጫ ላይ ካለው የጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ በር ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ ነበር። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንደ ፎገራና ደምቢያ ባለው ሜዳማ ዳርቻ ደግሞ ውሃው በቁመት ትንሽ ሲወርድ በጎን ብዙ ይሸሻል። እዚህ ሐይቅ ላይ አንድ ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ያንን ትልቅ ነገር የደበቀው ያ «ዜሮ ይኑረው» የተባለው ሕግ ነው።

ልጁ ላፕቶፑን እዚያው ከፍቶ ከ1,784 እስከ 1,788 አድርጎ ደግሞ ሣለው። መስመሩ በየዓመቱ ወጣ ወረደ፣ 95 ላይ ጎደጎደ። አዛውንቱ «አዎ፣ ይሄ ጣና ነው» አሉ። መስመር ግራፍ የሚነግረን ለውጥን ነው፤ የባሕር ጠለል ዜሮ ለጀልባ ሰው ምን ይፈይድለታል? ግን በግራ በኩል ከየት እንደሚነሣ በጉልህ መጻፍ ግድ ነው። አለዚያ ያንኑ ጉድጓድ ያየ እንግዳ ሐይቁ ደረቀ ብሎ ይሄዳል።

ሰብሳቢያችን ትእዛዙን አልሻረም፤ አሻሻለው። ለባር ዜሮ ግዴታ፣ ለመስመር ግን መነሻው በትልቁ ይጻፍ።

ቀጥሎ የመጣው ጭቅጭቅ ሁዳዴ ነበር። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ የባሕር ዳር የዓሣ ገበያ ግን በጾም ይደራል። ሁዳዴ ቶሎ ከገባ የካቲት 1 ነው፤ ከዘገየ መጋቢት 5። እና የዘንድሮው የካቲት ከአምናው የካቲት ጋር ተነጻጽሮ «ምርት ቀነሰ» ተባለ። ገንዘብ ያዣችን አሁን በቋሚነት ይጠራሉ። «አምና ጾሙ የካቲት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ዘንድሮ መቼ ገባ?» አሉ። ልጁ ያን ቀን አመሻሽቶ፣ ከወር ስም ይልቅ ከጾሙ መግቢያ ቀን የሚቆጥር አዲስ ግራፍ ሠራ። ሁለቱ ዓመታት ተደራርበው ሲታዩ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።