«መጣሁ» ብሎ መሄድ

እናቴ ሱቅ ስትሄድ «መጣሁ» ብላ ነው የምትወጣው። ሁላችንም እንደዛ ነው የምንለው። ወንድሜ ልጅ እያለ ይህን ቃል ሲሰማ ሄዶ በሩ ጋ ይቆማል። መጣሁ ካለች መጥታለች ማለት ነዋ። ግን የለችም። በሩን እያየ ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ እጁን መንከስ ይጀምራል፣ እኛ ደግሞ «ምን ነካው?» እያልን እንደነግጣለን። ነገሩ ከዚያች ቃል የመጣ መሆኑን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብናል።

ወንድሜ ኦቲዝም አለው። አሁን 19 ዓመቱ ነው። ይህን የምጽፈው ሰሞኑን አንዲት እናት «ልጄን ይዤ ሰው ቤት እንዴት ልሂድ?» ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። እኛ ቤት ብዙ ዓመት የተለፋው እሱን በማለማመድ ነበር። እንዲስም፣ እንዲጨብጥ፣ እንዲጎርስ። ለውጥ ያየነው ግን እኛ ዘመዶቹ አንዳንድ ልማዳችንን ስንተው ነው።

ጉርሻን ልንገራችሁ። የገና ዕለት ነው፣ ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ ቡናው እየተቆላ ነው፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ያወራል። አክስታችን በፍቅር ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ!» እያለች ወደ አፉ ሰደደችው። እሱ እንጀራና ወጥ አንድ ላይ ሲነካካ አይበላም። እንጀራውን ለብቻ፣ እንቁላሉን ደግሞ ወጡ በውሃ ታጥቦለት ነው። አፉን ገጠመ። እሷ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ብላ ገፋችው። ተፋው፣ ጆሮውን ያዘ፣ ጠረጴዛው ስር ገብቶ ጮኸ። ከእንግዶቹ አንዱ «ባለጌ አደረጋችሁት» አለ። እናቴ ያን ቀን ጓዳ ገብታ ያለቀሰችው አሁንም አይረሳኝም።

አክስቴ ክፉ አይደለችም፣ ወዳው ነው። ግን ለኛ ደስ የሚል ሽታ፣ ድምፅ፣ ንክኪ እሱ ጋ ሲደርስ በጣም በርትቶ ነው የሚደርሰው። ኦቲዝም በአንጎል እድገት ላይ ያለ ልዩነት ነው፣ አብሮ የሚወለድ። ከአስተዳደግ ጉድለት፣ ከእርግማን ወይም ከክትባት አይመጣም። እናቴ ይህን ሁሉ ስትባል ነው የኖረችው። ቀና ያደረጋት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በቴሌቪዥን ኦቲዝም ስላለው ልጃቸው በግልጽ ሲናገሩ መስማቷ ነው። እሳቸው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ የከፈቱት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ልጁን ጓዳ ደብቆ በሚያሳድግበት ጊዜ ማለት ነው። ዛሬ በሕይወት ባይኖሩም እናቴ ስማቸውን ሳታመሰግን አታነሳም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ውጭ አገር የተጻፈውን ስታነቡ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ልጁ ሰው ዓይን ውስጥ አለማየቱ ነው ይላል። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ ይባላል። ወንድሜም ዓይናችንን እንደማያይ ማንም ሳያስተውል ስንት ጊዜ «እንዴት ያለ ጭምት ልጅ ነው» እየተባለ ተመሰገነ። እኛም ዘግይተን ነው የነቃነው።

ሰላምታውን ያስተካከለልን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ኮሮና ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መጨባበጥና መሳሳም ሲቀር፣ ሰው ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ጀመረ። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ሳይደበቅ ቀረ። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ! እጅ መንሳት የቆየ የራሳችን ሰላምታ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። ሌላው ወደ መሳሳሙ ሲመለስ እኛ ለእሱ እጅ መንሳቱን አቆየንለት፤ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ደጃፍ ላይ «እሱን እጅ ነስታችሁ ብቻ እለፉ» እንላለን። እንቢ ያለን እስካሁን የለም።

ስታናግሩት ደግሞ ጠይቃችሁ ዝም በሉ። መልሱ ይመጣል፣ ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴ እስከ ሃያ ድረስ እቆጥራለሁ። ሰው ግን ዝምታውን አይችልም፤ ጥያቄውን በሌላ ቃል ይደግመዋል፣ እሱም ማሰቡን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወይም ወደ እኔ ዞሮ «ሻይ ይጠጣል?» ይለኛል። አጠገባችሁ ነው፣ እሱን ጠይቁት! «ማሙሽ»ም አትበሉት፣ ጢም ያወጣ ሰው ነው።

ታክሲ ላይ ረዳቱን ቀድሜ «ወንድሜ ኦቲዝም አለው፣ ሂሳብ ከእኔ ነው፣ ትከሻውን አትንካው» እለዋለሁ። አብዛኞቹ ወዲያው ይገባቸዋል፣ እንደውም ጋቢና የሚያስለቅቁለት አሉ። ጆሮው ላይ ድምፅ የሚቀንስ ማዳመጫ ያደርጋል። ሰርግ ከሄድን ለአንድ ሰዓት ነው፣ ከስፒከሩ ርቀን፣ መውጫው አጠገብ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም አለው ይላል። በዚህ ስሌት አምስት መቶ ሰው በተጠራበት ሰርግ አራት ያህል ይኖራሉ ማለት ነው። ከነሱ መሀል ቤት እንዲቀሩ የተደረጉት ስንቱ እንደሆኑ ሳስብ ያመኛል።

አንዳንዴ ይህ ሁሉ ተደርጎም ይበዛበታል። እቤት «ሞላበት» ነው የምንለው። ያኔ የሚጮኸው ሊያስቸግር ብሎ አይደለም፣ መሸከም አቅቶት ነው። መክበብ፣ ማቀፍ፣ ውሃ መርጨት፣ «አይዞህ አይዞህ» ማለት ያባብስበታል። አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ ይቆይ፣ ሌላው ይበተን፣ ድምፁ ይቀነስ። ከዚያ መጠበቅ ነው። መንገድ ላይ ከሆነ እባካችሁ ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹት።

«መጣሁ»ንም ትተናታል። እናቴ አሁን «ሱቅ ሄጃለሁ፣ 11 ሰዓት እመለሳለሁ» ነው የምትለው። ከዘገየች ትደውላለች። ፍሪጁ ላይ የቀኑ ነገር በሥዕል ተለጥፏል፣ እንግዳ የሚመጣ ከሆነ የእንግዳው ፎቶ ጭምር።

ባለፈው ፋሲካ ያቺው አክስቴ መጣች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችለት። እንቁላሉን ራሷ አጥባ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችለትና ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፣ እንዳይጨነቅ። በላው። ጫጫታው ሲበረታ ተነሳና «ክፍሌ ልሄድ ነው፣ 8 ሰዓት እመለሳለሁ» አላት። ለእሷ ነው የነገራት፣ ለእኛ አይደለም። አክስቴ ከዚያ በኋላ ሰዓቷን ደጋግማ ታይ ነበር። ልክ በ8 ሰዓት በሩ ተከፈተ፣ ቶናው እየተቀዳ ነበር።