«ለአባትህ ነው እኮ!»

አባዬ ያረፈው አምና ጥር ላይ ነው፣ ሌሊት። ሲነጋ እኔና የአጎቴ ልጅ ሳጥን ልንገዛ ወጣን። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ተብሏል፣ ዘመድ ከዳንግላም ከመርዓዊም እየመጣ ነው፣ ስልኬ ጸጥ አይልም።

ሻጩ ገና ፊቴን ሲያይ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባንና አንድ የሚያብለጨልጭ ሳጥን አሳየን። 18 ሺህ ብር። «ቀለል ያለ የለም?» ስለው «ለአባትህ ነው እኮ!» አለኝ። በቃ፣ ምላሴ ታሰረ። ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፣ እሱም አልሰጠኝም። ነሐስ ነው የተባለው እጀታ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ኖሯል፤ ከቀብር ስንመለስ የአጎቴ ልጅ እጁን ሲታጠብ ወርቃማው ቀለም መዳፉ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ብሎት አየሁ። ከሠልስት በኋላ እዚያው ሰፈር ሌላ ሱቅ ገብቼ ብጠይቅ ያው ዓይነት ሳጥን 11 ሺህ ነው።

ገንዘቡ ሄደ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን አባዬ ራሱ እንዲህ እንዲሆን አለመፈለጉ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ እሁድ ጣና ዳር ቁጭ ብለን «ስሞት ተራ ሳጥን ይበቃኛል፣ ለተዝካሬ ብላችሁ በሬ እንዳታርዱ፣ ገንዘቡን ለእህትህ ትምህርት አድርጉት» ብሎኝ ነበር። ይህን ለቅሶ ላይ ብናገር ማን ይስማኝ? አንዷ አክስቴ «ሰው ምን ይለናል» አለች፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ተበድረን ደገስን።

በኋላ ጠበቃ የሆነ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው የቀብሩን ነገር በቃል እንዲናዘዝ ይፈቅዳል። ግን ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፣ ደግሞም የቃል ኑዛዜ ከ3 ወር በላይ አይጸናም። አባዬ የነገረኝ ለእኔ ለብቻዬ ነው፣ ያውም ከአራት ዓመት በፊት። በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አውጥቼ አነብላቸው ነበር።

የጽሑፉ መንገድ ከባድ አይደለም። ተናዛዡ ይጽፋል ወይም ሲናገር ሌላ ሰው ይጽፍለታል፣ ከዚያ እሱና አራት ምስክሮች ባሉበት ይነበባል፣ መነበቡና ቀኑ እዚያው ይሰፍራል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ምስክር ስትመርጡ የማይወርስ ጎረቤት ፈልጉ፣ ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ።

አሁን ስለ ግዢው። እባካችሁ ሳጥን ለመግዛት የሟች ልጅ አይሂድ! ያዘነ ሰው መከራከር አይችልም፣ ሻጭም ይህን ያውቃል። ከእድሩ ወይም ከጎረቤት ረጋ ያለ ሰው ላኩ፣ ቢያንስ ሁለት ሱቅ ይጠይቅ፣ እጀታውን በጥፍሩ ይፋቀው፣ የታችኛውን ጣውላ ገልብጦ ይየው። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ነጋዴ ዋጋውን እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዕቃውን ስላያችሁት ወይም በዋጋ ስለተከራከራችሁ ብቻ ግዙ ተብላችሁ አትገደዱም። «አበባውንም ከእኔ ካልወሰድክ ሳጥኑን አልሸጥልህም» የሚል ካለም እንዲህ ማለት ክልክል ነው።

ለሐውልት ቀብድ ስትሰጡ በወረቀት ይሁን፤ የድንጋዩ ዓይነት፣ የሚቀረጸው ጽሑፍ ፊደል በፊደል፣ የሚያልቅበት ቀን። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ነው የሚመልሰው። ሰጪው ከተወው ደግሞ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ስለዚህ ሳታስቡ አትክፈሉ።

እድር አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ። እኛ 20 ዓመት የከፈልንበት እድር መተዳደሪያ ደንብ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ጠይቁና አንብቡት። ለወላጅ ስንት ነው፣ ለወንድም ስንት ነው፣ ስንት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል፣ ድንኳኑና ወንበሩ ለስንት ቀን ነው፣ ቀብሩ ከከተማ ውጭ ቢሆንስ? የሰበካ ጉባኤ ክፍያችሁንም ደረሰኙን አታጥፉ። በለቅሶ ቀን የሚፈለገው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ እማዬ ጋ ሄድኩ። ፈርቼ ነበር፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ሞትን ቀድሞ ማንሳት ሟርት ነው። እሷ ግን ቡናውን እየቆላች «ቆይተሃል» አለችኝ። እማዬ ጣና ላይ በጀልባ የሚኬድባት የዘጌ ልጅ ናት፣ እናቷ ያረፈችበት ቦታ መቀበር ትፈልጋለች። ስለዚህ ወደብ ወርጄ ሁለት ባለጀልባ አናገርኩ፤ አንደኛው የጠየቀኝ ከሌላኛው በእጥፍ ይበልጣል። የቅናሹን ስልክ ያዝኩ፣ ዋጋውን ግን በየዓመቱ እንደገና መጠየቅ አለብኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ጎረቤቶች መጡ። እማዬ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። ተራ ሳጥን፣ ነጭ ነጠላ፣ ፍትሐቱ በንስሐ አባቷ፣ ለአርባዋ ዳቦና ጠላ ብቻ፣ የተረፈው ለእህቴ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ልትፈርም እስክሪብቶውን ካነሳች በኋላ አስቀመጠችውና አንድ መስመር ጨምር አለችኝ። «ጠዋት ተሻገሩ በልልኝ። ከሰዓት በኋላ ጣና ይነፍሳል፣ ሰው እንዳይጎዳብኝ።»

ጻፍኩት። እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። ከዚያ ፈረመች።