አዲስ ሪቮልቨር ሲገዛ፦ ከፊርማ በፊት እና ከተኩስ በኋላ የሚወጡ ጉድለቶች

አሜሪካ ውስጥ ገዢው የሚሞላው የፌዴራሉ ቅጽ 4473 ተሞልቶ፣ የጀርባ ማጣሪያው አልፎ ሽጉጡ ከመደብሩ ከወጣ በኋላ ያገለገለ ዕቃ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። አብዛኛው ሻጭ አይመልስም፤ «ፋብሪካው ዋስትና አለው» ብሎ ይሸኛል። የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን የዳቦ መጥበሻንና የሕፃን አልጋን ይቆጣጠራል፤ በጦር መሣሪያ ላይ ግን ሕጉ ሥልጣን ነፍጎታል። እንግሊዝና ቤልጅየም እንዳሉት ዓይነት የግዴታ የጦር መሣሪያ መፈተኛ ተቋምም አሜሪካ ውስጥ የለም። ስለዚህ ባለ 357 ማግነም ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ሲሊንደር ቀዳዳዎች ውስጥ የሚቀመጥበት ሽጉጥ) ስገዛ የመጀመሪያውን ፍተሻ ባንኮኒው ላይ፣ ከፊርማ በፊት ጨረስኩ።

የያዝኩት አነስተኛ የእጅ ባትሪ፣ መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት ፊለር ጌጅ እና ባሩድ የሌላቸው ስድስት የልምምድ ጥይቶች ነው። ሻጩን አስፈቅዶ፣ ሲሊንደሩን ከፍቶ ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑን አይቶ መጀመር ግድ ነው።

መጀመሪያ የቀረበልኝ ሽጉጥ ከኋላ ሲታይ የፊት መነጣጠሪያው ወደ ቀኝ አዘንብሏል። አፈሙዙ ከሽጉጡ አካል ጋር ሲጠብቅ ከቦታው ሳይደርስ ወይም አልፎ ሲቆም የሚመጣ ጉድለት ነው። ያዘነበለውን መነጣጠሪያ መሃል ሲያስገቡት አፈሙዙ ወደ ግራ ስለሚዞር ጥይቱ ግራ ይመታል። ሻጩ «የኋላውን ወደ ቀኝ ገፋ ማድረግ ነው» አለ። ያ ጉድለቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያስተካክለውም። በአፈሙዙና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተትም በግራ 0.15 ሚ.ሜ.፣ በቀኝ 0.25 ሚ.ሜ. ሆኖ ተገኘ፤ የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ በቀጥታ አልተቆረጠም ማለት ነው። ከ0.10 እስከ 0.20 ያለውን እቀበላለሁ። ከ0.05 ካነሰ ሽጉጡ ሲሞቅና ጥላሸት ሲይዝ ሲሊንደሩ አልዞር ይላል፤ ሲሰፋ ደግሞ እሳትና የእርሳስ ፍንጣሪ ወደ ጎን ይተፋል።

ከዚያው ሞዴል ሌላ አስወጣሁ። ክፍተቱ በሁለቱም ጎን 0.15 ነው። ሲሊንደሩን ወደ ኋላ ከዚያም ወደ ፊት ገፍቼ ስለካው ልዩነቱ ከ0.05 በታች ሆነ፤ ለአዲስ ሽጉጥ ይበቃል።

ዋናው ፈተና የሲሊንደሩ አቆላለፍ ነው። በጣት ሲሊንደሩን በጥቂቱ ያዝ አድርጎ መዶሻውን (ጥይቱን መትቶ የሚያፈነዳውን ክፍል) በጣም በዝግታ መሳብ ያስፈልጋል፤ መዶሻው ኋላ ደርሶ ከመቆሙ በፊት ሲሊንደሩ ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። ስድስቱም ቀዳዳ በየተራ ይፈተሻል፤ አዲስ ሽጉጥ ላይ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ የሚዘገዩበት ጊዜ ብዙ ነው። የልምምድ ጥይቶቹ የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ባዶ ሲሆኑ የቀለህ ማስወጫው ኮከብ (ከሲሊንደሩ ኋላ ያለው፣ ባዶ ቀለህ ገፍቶ የሚያወጣው ብረት) ትንሽ ስለሚላወስ ደህናው ሽጉጥ የዘገየ ይመስላል። ቀጥሎ መዶሻው ተስቦ እንዳለ በአውራ ጣት ወደ ፊት ይገፋል። ቃታ ሳይነካ ከወደቀ ያንን ሽጉጥ ባንኮኒው ላይ ትቶ መሄድ ነው።

ባንኮኒ ላይ የማይያዝ ጉድለት ግን አለ፤ ሁለተኛውን ገዝቼ ተኩስ ሜዳ ላይ ስሞክረው የአራተኛው ቀዳዳ ቀለህ አልወጣ አለ። በዚሁ ሽጉጥ የሚተኮሰው ደካማው ጥይት፣ 38 ስፔሻል፣ ሲተኮስ ደህና ነው፤ 357 ሲተኮስ ይጣበቃል። የ38 ስፔሻል የግፊት ጣሪያ በካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ ሲሆን የ357 ማግነም 35,000 ነው፤ በከፍተኛው ግፊት ቀለሁ ተለጥጦ መሰርሰሪያው ትቶት የሄደውን ጭረት ይነክሳል። ግን ከመወንጀል በፊት ማጽዳት ይገባል። የ38 ቀለህ አጭር ስለሆነ ቀዳዳው ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይተዋል፤ በዚያ ላይ የገባ 357 ከየትኛውም ቀዳዳ ሊጣበቅ ይችላል። ለዚህ ነው አዲስ ሽጉጥ በ357 መጀመር ያለበት። ተጸድቶም አንዱ ቀዳዳ ብቻ ቀለሁን አልለቅ ካለ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው። በአሸዋ ወረቀት ራስን ማከም አይመከርም፤ የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም፣ ዋስትናውም ሊቀር ይችላል።

አንዳንዱ ጥይት ሳይፈነዳ ቢቀርስ? ያው ጥይት በሁለተኛው ምት ከተኮሰ ምቱ ደካማ ነው ወይም ካፕሱሉ (ከጥይቱ ኋላ ያለው ባሩዱን የሚያቀጣጥል ክፍል) ጠልቆ አልተቀመጠም፤ በሌላ ፋብሪካ ጥይት ደግሞ መሞከር ይለየዋል።

ለፋብሪካው የላክሁት ወረቀት አጭር ነው፦ የቀዳዳው ቁጥር፣ የጥይቱ ዓይነት፣ የክፍተቱ ልክ፣ የተጣበቀው ቀለህ ፎቶ። «አይሠራም» ተብሎ የተላከ ሽጉጥ «ፈትሸን ጉድለት አላገኘንም» ተብሎ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። የፌዴራል ሕግ ፋብሪካው ጠግኖ በቀጥታ ለባለቤቱ እንዲልክ ይፈቅዳል፤ የግዛት ሕግ ግን ሊለይ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ጥይት አብሮ አይላክም።

ሲመለስ አራተኛው ቀዳዳ ለስልሷል። ሲሊንደሩ ስለተፈታ ክፍተቱንና አቆላለፉን እንደገና ፈተሽኩ፤ የቀለህ ማስወጫው ዘንግ ላልቶ ተገኘ። ዘንጉ ከላላ ወደ ፊት ይረዝምና ሲሊንደሩ አልከፈት ይላል። በዚህ ሞዴል የዘንጉ የብሎን ጥርስ ግራ ዙር ስለሆነ የሚጠብቀው ከተለመደው በተቃራኒ ነው፤ ኮከቡ እንዳይጎዳ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ባዶ ቀለህ ከትቶ፣ ዘንጉን በቆዳ ጠቅልሎ በፒንሳ ማጥበቅ ይበቃል።