የአሌክ ጊነስን ታሪክ በአማርኛ ስጽፍ ያጠፋሁት ጥፋት

የእንግሊዛዊውን የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይ የአሌክ ጊነስን የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ጽፌ፣ ለንደን ውስጥ በሚገኝ የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት አማካይነት በ120 ቅጂ ካሳተምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሥራው ዘጠኝ ወር ፈጅቷል፤ ከዚህም ውስጥ አራቱን ወር የወሰደው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። የውጭ አገር ሰው ታሪክ በአማርኛ ለመጻፍ የሚያስብ ሌላ ሰው እኔ የገባሁበት እንዳይገባ ስል የሆነውን ሁሉ እናገራለሁ።

ፊልሞቹን በወጡበት ቅደም ተከተል አየኋቸው፤ ማስታወሻም ያዝኩ። በ1949 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው «ካይንድ ሃርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ» የአንድን መኳንንት ቤተሰብ ስምንት አባላት ብቻውን ተጫውቷል፤ በ1957 በወጣው «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» ኮሎኔል ኒኮልሰንን ሆኖ ኦስካር ተሸልሟል፤ በ1959 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጥቶታል። ብዙ ወጣቶች የሚያውቁት በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ነው፤ እኔ ግን እሱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ እንዲጀምር አልመክርም። በ1979 ቢቢሲ በሰባት ክፍል ያቀረበውን «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ» ይመልከት። በዚያ ድራማ ጆርጅ ስማይሊ የተባለውን ሰላይ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ሌሎቹ እየተናገሩ እንኳ ዓይን ከእሱ ላይ አይነሳም።

የዘመን አቆጣጠሩም ጥቂት አስቸግሮኛል። አርታኢያችን ሁሉንም ዓመት «ስምንት እየቀነስክ ወደ እኛ መልስ» የሚል መመሪያ ሰጥቶኝ ነበር። ይህ መመሪያ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ስሕተት ነው። የክዋይ ፊልም ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኦክቶበር 2 ቀን 1957 ሲሆን፣ ይህ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1950 እንጂ 1949 አይደለም። የልደትና የሞት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ የቀረው በፈረንጆቹ እንዳለ ይተው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በአማርኛ የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አከፋፈቱ የታወቀ ነው፦ «ከአባቱ ከአቶ እገሌና ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት ተወለደ» ይባላል። አርታኢያችን በዚህ አልደራደርም አለ፤ እኔም አልተከራከርኩትም። ስለዚህ የአባቱን ሙሉ ስም ከልደት ምስክር ወረቀቱ ለመውሰድ ወሰንኩና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቅጽ ሞልቼ፣ ገንዘብ ከፍዬ አመለከትኩ። በቤተሰብ ስም ቦታ «ጊነስ» ብዬ ሞላሁ። ከሳምንታት በኋላ በዚህ ስም በዚያ ቀን የተመዘገበ ልጅ የለም የሚል ባለ ሁለት መስመር መልስ ደረሰኝ። ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ የፊደል አጻጻፉን አስተካክል አለችኝ። አስተካክዬ፣ እንደገና ከፍዬ ላክሁ፤ መልሱ ያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ በአካል ሄጄ ብጠይቅ መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው ቅጹ ላይ የተጻፈውን መመሪያ አነበበልኝና ቀጣዩን ተራ ጠራ። አባቱ ያልተመዘገበ ልጅ በእናቱ የቤተሰብ ስም እንደሚገኝ ከሦስቱ አንዳቸውም አልነገሩኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማተሚያ ቤቱ የሰጠን ቀን ደረሰ። እኔም በድፍረት «ከአባቱ ከሚስተር ጊነስና ከእናቱ ከወይዘሮ አግነስ ተወለደ» ብዬ ጻፍኩና ታተመ። ፈረንጆች ሁለተኛው ስማቸው የቤተሰብ እንደሆነ ስለማውቅ፣ አባትየውም ጊነስ መባሉ አይቀርም ብዬ ነበር።

በምረቃው ዕለት ያንን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ስጨርስ እትዬ ብለን የምንጠራቸው የማኅበራችን አንጋፋ አባል ተነሡ። ጊነስ በ1985 ያሳተመውን የራሱን ትዝታ ከሰፈራቸው ቤተ መጻሕፍት ተውሰው አንብበውት ኖሯል። «ልጄ፣ በልደት ወረቀቴ ላይ የአባቴ ስም ቦታ ባዶ ነው ብሎ እሱ ራሱ ጽፏል፤ አንተ ከየት አመጣህለት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «የእኔም ልጅ የሚጠራው በአያቱ ስም ነው» አሉና ተቀመጡ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ያን መጽሐፍ እኔም ነበረኝ። ጊዜ አጠረኝ ብዬ የልጅነቱን ክፍል ዘልዬ ስለ ተውኔትና ስለ ፊልም ወደሚያወራው ገብቼ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ከመጀመሪያው ስገልጠው ነገሩ እዚያው ተቀምጧል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ቢያደክሙኝም የዚህ ጥፋት ባለቤት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከዚያው መጽሐፍ ባገኘሁት «ደ ካፍ» በሚለው የእናቱ ስም አመለከትኩ፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ወረቀቱ መጣ። የእናት ስም አግነስ ደ ካፍ ይላል። በዚያ ዘመን በልጁ ስም ቦታ የሚሰፍረው የራሱ መጠሪያ ብቻ ስለነበር እዚያ የሠፈረው «አሌክ ጊነስ» ነው፤ ጊነስ የቤተሰብ ስም ሳይሆን ሁለተኛ መጠሪያው ሆኖ ተመዝግቧል ማለት ነው። የአባት ስም ቦታ ላይ ምንም የለም። በኋላ እናቱ ስቲቨን የሚባል መኮንን ስታገባ ልጁ አሌክ ስቲቨን ተባለ፤ እውነተኛ ስሙ ጊነስ መሆኑ የተነገረው በ14 ዓመቱ ነው። ዕድሜው 14 እስኪሞላ በሦስት ስም ያለፈ ልጅ ኋላ በአንድ ፊልም ስምንት ሰው ሲሆን እያየሁ፣ ይህን ሳላውቅ ስለ ትወናው 20 ገጽ መጻፌ ያሳፍረኛል።

በእንግሊዝ መዝገብ የሚፈልግ ሰው ቅጹ ላይ ያለውን መመሪያ ብቻ አይከተል። ከ1911 አጋማሽ ወዲህ የተዘጋጀው የስም ማውጫ የእናትን የትውልድ ስም ስለሚጨምር ፍለጋውን ከእናት ይጀምር። ማውጫው እስከ 1983 ድረስ በሦስት ሦስት ወር የተከፈለ ስለሆነና ልደት በ42 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ስለሚባል፣ ቀጥሎ ያለውንም ሩብ ዓመት ይመልከት። ከሁሉ በፊት ግን ባለታሪኩ ስለ ራሱ የጻፈውን ከመጀመሪያው ገጽ ያንብብ።

እርማቱን ሳዘጋጅ አርታኢያችን «አባቱ አልታወቀም» የሚል ሐረግ ይግባ አለ። በዚህ ጊዜ ግን እንቢ አልኩ፤ መዝገቡ «አልታወቀም» አይልም፣ ባዶ ነው። አሁን ዓረፍተ ነገሩ «ከእናቱ ከወይዘሪት አግነስ ደ ካፍ ኤፕሪል 2 ቀን 1914፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 1906፣ ለንደን ከተማ ተወለደ» ይላል። ቅጂዎቹን ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰብስቤ በእጄ አረምኳቸው፤ የመጀመሪያውንም ለእትዬ ወሰድኩላቸው። ዐሥራ አንዱን ግን እስካሁን አላገኘኋቸውም።