መርፌውና ቆዳው፦ የላንዡ ማስታወሻ

ቢጫ ወንዝ ላንዡን ለሁለት ከፍሏት ይፈስሳል። ከተማዋ በሰሜን ምዕራብ ቻይና የጋንሱ ግዛት መዲና ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ለቢሾፍቱ ልጅ አየሯ አይከብድም። የመጣሁት የቻይናን ባህላዊ የእንስሳት ሕክምና ለመማር ነው። ስለ ከተማዋ ይህ ይበቃል፤ በማለዳ የሚበላውን የበሬ ሥጋ ኑድል ግን ሳላመሰግን አላልፍም።

መምህራችን በዕድሜ የገፉ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ወገቧን የታመመች ባዝራ አስቀርበው ማንም እንዳይነካት አዘዙ። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ ማዳመጥና ማሽተት፣ ከዚያ ባለቤቱን መጠየቅ፣ በመጨረሻ መዳሰስ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የከንፈሯን ውስጥና የምላሷን ቀለም ተራ በተራ አየን። እሳቸው ከአንገቷ ግርጌ ግራና ቀኝ የደም ሥሯን ምት በሁለት እጃቸው ለረጅም ጊዜ ዳበሱ። ዩ የተባሉ ወንድማማች ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1608 ያወጡት የፈረስ ሕክምና መጽሐፍ እዚህ ዛሬም ይጠቀሳል።

ከዚያ የወገብ አጥንት አልቆ የዳሌው የሚጀምርበትን ጎድጓዳ በአውራ ጣታቸው ፈለጉ። ነጥቡ ባይሁዊ ይባላል። መድኃኒት የማይሰጥበት ቀጭን መርፌ እዚያ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀስ ብሎ ገባ። ባዝራዋ ጆሮዋን ጣለች፤ ትንሽ ቆይታ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ የታችኛው ከንፈሯ ተንጠለጠለ፤ ማኘክ ጀመረች። ከቆዳዋ ውጭ በቀረው የመርፌው ጫፍ ላይ መምህራችን የደረቀ ቅጠል ጠቅልለው ለኮሱበት። ቅጠሉ የአሪቲ ወገን ነው፤ ሽታው አገሬን አመጣብኝ።

እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውኃ እያሉ የሰውነትን ብልቶች የሚያዛምዱበትን ትንታኔ አልተቀበልሁም፤ ከተማርሁት ፊዚዮሎጂ ጋር አይገጥምልኝም። መርፌው ግን ሌላ ነው። በመርፌ ነርቭ ሲቀሰቀስ ሰውነት የራሱን የሕመም ማስታገሻ እንደሚያመነጭ በቤተ ሙከራ ታይቷል። መድኃኒት በማይደርስበት ገጠር ጭነት ያጎበጠውን አህያ ለሚያክም ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልቤን ያቆሰለው መድኃኒት ቤት ያየሁት ኧጂያው ነው። ጥቁር ሙጫ ነው፤ የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ይሠራል፣ ደም ይተካል ተብሎ በውድ ይሸጣል። በዓለም ብዙ አህያ ያለው እኛ ዘንድ ነው። ቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ ሕዝብ ተቆጥቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ፤ የአፍሪካ መሪዎችም በ2024 አዲስ አበባ ላይ የቆዳውን ንግድ ለማገድ ተስማሙ። ትክክል አድርገዋል። አህያዋን ያጣች ውኃ ቀጂ የምትሸከመው በራሷ ጀርባ ነው።

ይህንኑ ለመምህራችን ነገርኋቸው። ጥንት ኧጂያው ከበሬ ቆዳም ይሠራ እንደነበር እሳቸው ራሳቸው አስረዱኝ። ታዲያ ወደዚያ መመለስ ምን ይከለክላል? አልተከራከሩኝም። በቀረኝ ጊዜ በአህያ የወገብ ሕመም ላይ ብቻ እንድሠራ ለመንኋቸው፤ ፈቀዱልኝ። ሰኞ እንጀምራለን።