በብርድ ቀን ካያክ ላይ

ዛሬ ውርጩ ሳይለቅ ካያኬን (በመቅዘፊያ የምትሄደውን ጠባብ ጀልባዬን) ውኃ ላይ አውርጄ ዓሣ ሳጠምድ ዋልኩ። በቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ስለሚፈዝ መንጠቆውን ከውኃው ግርጌ አቅራቢያ በዝግታ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ ጣት ግን ከዓሣው ቀድሞ ይደነዝዛል። ከመቀመጫዬ ጎን ያስገጠምኩት የማጥመጃ ዘንግ መያዣ ጥቅሙ የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው፤ ዘንጉን እዚያ ሰክቼ እጆቼን ብብቴ ውስጥ አሞቅኋቸው። በዘንጉ ቀለበቶች ላይ የረጋው በረዶ ክሩን እየያዘ ሲያስቸግረኝም ጫፉን ውኃው ውስጥ ነከር አድርጌ አቀለጥኩት። ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ የዓሣ ጠቋሚውን (ውኃው ውስጥ ዓሣ የት እንዳለ የሚያሳየውን መሣሪያ) ባትሪ በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከዕቃው ሁሉ የማስቀድመው ግን ውኃ የማያስገባውን ሙሉ ልብስና የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ነው፤ ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ ልብስ የሚመረጠው በአየሩ ሳይሆን በውኃው ቅዝቃዜ ልክ ነው።