ዳይክ በድርቅም ይናዳል

በኔዘርላንድስ ከውሃ ስለተነጠቀው ዝቅተኛ መሬት፣ ስለ ፖልደር፣ ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበው የባሕር ማዕበል ነው። ልክ ነው፤ የ1953ቱ ጎርፍ ከ1,800 በላይ ሰው ገድሏል (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊልኒስ በምትባል የኔዘርላንድስ መንደር የነበረው ዳይክ (ውሃ እንዳይገባ የሚያግድ የአፈር ግድብ) ግን በ2003 የተናደው በድርቅ ነው፤ ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምረውም ይኼኛው ይመስለኛል።

ዳይኩ የተሠራው የዕፅዋት ብስባሽ ተጠራቅሞ ከሆነው ጥቁር አፈር ነበር። የዚህ አፈር ክብደት አብዛኛው የያዘው ውሃ ነው። ሲደርቅ ቀለለ። ከጎኑ ያለው የቦይ ውሃ ግን ግፊቱን አልቀነሰምና 60 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ክፍል ወደ ጎን ገፍቶ አንሸራተተው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጠፋ ሠራተኞች እንዲህ ያሉትን ዳይኮች እየዞሩ ስንጥቅ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹንም ውሃ ያጠጧቸዋል።

የወንዝ ዳር ዳይክ ደግሞ ከሥሩም ይጠቃል። ወንዙ ሲሞላ ውሃው ከዳይኩ በታች ባለው አሸዋ ሰርጎ ከዳይኩ ወዲያ በየብሱ በኩል ይፈልቃል። የሚፈልቀው ንጹሕ ከሆነ መከታተል ይበቃል። አሸዋ ይዞ እየወጣ በዙሪያው ከከመረ ግን ከሥር ቀዳዳ ወደ ወንዙ እየተቆፈረ ነው ማለት ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን መጣደፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውሃው ሌላ ቦታ ፈንቅሎ ይወጣል። መደረግ ያለበት አሸዋ በሞሉ ጆንያዎች ምንጩን ዙሪያውን ማጠር ነው። በአጥሩ ውስጥ ውሃው ከፍ ሲል ከወንዙ ጋር ያለው የከፍታ ልዩነት ይቀንሳል፤ ፍሰቱም ይደክማል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ጆንያ መደረብ፣ ከጠራ በኋላ እንዲፈስ መተው ነው።

ፖልደር የሚገኝበት የማድረቅ ዘዴ ራሱ ቀላል ሐሳብ ነው። የቤምስተር ሐይቅ በ1612 ሲደርቅ አስቀድሞ ዙሪያውን ዳይክና ቦይ ተሠራ፤ ከዚያ የንፋስ ወፍጮዎች ውሃውን ወደ ቦዩ አወጡት። አንዱ ወፍጮ ከ1.5 ሜትር ብዙም ከፍ አድርጎ ስለማያነሣ በደረጃ ይቀባበሉ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፍሌቮላንድ የተባለው አካባቢ ሲደርቅ ጭቃው ሰው ስለማያስቆም የሸምበቆ ዘር በአውሮፕላን ተበተነ፤ ሸምበቆው እርጥበቱን መጥጦ አረሙንም አፈነ።

ማድረቅ ግን ዕዳ አለው። ጥቁሩ አፈር አየር ሲያገኝ ይበሰብሳል፤ መሬቱ በዓመት አንድ ሳንቲሜትር ያህል የሚወርድበት ቦታም አለ። መሬቱ ሲወርድ ፓምፑ የቦዩን ውሃ ይበልጥ ዝቅ ያደርጋል፤ መበስበሱም ይቀጥላል። ዳይኩ የሚሸከመው የከፍታ ልዩነትም በዚያው ልክ ያድጋል። የቦዩን ውሃ ከፍ ማድረግ መውረዱን ያዘገየዋል፤ ያኔ ግን መስኩ ይረሰርስና ትራክተር ይሰምጥበታል።